የተወለወለ አሉሚኒየም ቸርኬና የነዳጅ ታንክ አያያዝ ለሰሜን ሸዋ የጭነት መኪኖች

ከለሚ ሲሚንቶ ጭኖ የሚወጣ፣ ጣርማበርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ወይም በክረምት የሞረትና ጅሩን መረሬ ጭቃ የሚረግጥ የጭነት መኪና የአሉሚኒየም ቸርኬውና የነዳጅ ታንኩ ቶሎ ይደበዝዛሉ። ብዙ ባለንብረት ጥፋቱን በአቧራው ያሳብባል፤ በሥራ ላይ እንዳየሁት ግን አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከአስተጣጠቡ ነው።

አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ወዲያውኑ በዓይን የማይታይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ከመበላት የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። ሽፋኑ ጸንቶ የሚቆየው የሚነካው ፈሳሽ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ከ4 እስከ 8.5 ገደማ ሲሆን ነው። በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ ከዚህ እጅግ ይርቃሉ፤ የእርጥብ ሲሚንቶም ፒኤች 12ን ያልፋል። አንድ ረዳት ጭቃው ቶሎ እንዲለቅለት ብሎ ኮስቲክ ሶዳ የተበጠበጠበት ውኃ ታንክ ላይ አፍስሶ ጥቂት ደቂቃ ሲተወው አይቻለሁ፤ የሰሌዳ ቁጥር ይነበብበት የነበረው ገጽ እርጎ የተቀባ መስሎ ነጣ፣ እሱን ለመመለስም ሁለት ቀን ሙሉ መወልወል አስፈለገ።

ስለዚህ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲታጠብ ከውኃ በፊት አየር ይቅደም። ብናኙ ደረቅ ሳለ በኮምፕሬሰር ወይም በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ ይህን የሚሠራ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ የዓይን መከላከያም ያድርግ። ከዚያ በኋላ ውኃው በብዛትና ሳይቋረጥ ይውረድበት፤ ጥቂት ውኃ ብናኙን ከማጠብ ይልቅ አቡክቶ ያጣብቀዋል። ደርቆ የተጋገረ ሲሚንቶ ካለ በቢላዋ ወይም በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አይፋቅ፤ ከውኃ ጋር እኩል የተበረዘ ኮምጣጤ በጨርቅ ተነክሮ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበትና ወዲያው በደንብ ይለቅለቅ። የብረት ሽቦ ገጹን ከመቧጨሩም በላይ ተሰባብሮ የሚቀረው ቅንጣት ይዝግና ቀይ ነጠብጣብ ይተዋል።

ከጣርማበር ወርዶ ደብረ ሲና የቆመ መኪና ቸርኬው በፍሬን ግለት እጅ የሚያቃጥል ስለሚሆን፣ በእጅ መዳፍ ለመንካት እስኪመች እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስበትም። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ ፀሐዩ ሳሙናውን ገጹ ላይ ስለሚያደርቀው ጥላ መፈለግ ወይም ማለዳ ማጠብ ይሻላል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ማለዳው ውርጭ ስለሆነ ረፈድ ማለት ይገባል። የሚበቃው ለብ ያለ ውኃና ለዕቃ ማጠቢያ የሚሆን ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ነው፤ ለቸርኬ የዋለ ጨርቅ ወደ ታንኩ አይሻገር፣ የፍሬን ብናኝ ይቧጭራልና። አሉሚኒየም ማብሪያ ተብለው ከሚሸጡት ፈሳሾች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለባቸው፤ ይህ አሲድ በቆዳ ዘልቆ አጥንት ድረስ ስለሚጎዳ በውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ጀሪካን አልገዛም፣ ሌላውም ባይገዛ እመክራለሁ።

ከመወልወል በፊት ገጹ ቫርኒሽ ያለበት መሆን አለመሆኑ ይፈተን። በማይታይ ጥግ ላይ ጥቂት ፖሊሽ ተደርጎ ሲታሽ ጨርቁ ከጠቆረ አሉሚኒየሙ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ካልጠቆረ ግን የተቀባ ወይም ሌላ ሽፋን ያለው ስለሆነ መታጠብ እንጂ መወልወል አያስፈልገውም። ጥቁረቱ ቆሻሻ ሳይሆን ከገጹ የሚነሣው ኦክሳይድና ደቃቅ አሉሚኒየም ስለሆነ ንጹሕ አሉሚኒየምም ቢታሽ ይወጣል፤ ጨርቁ እስኪነጣ ልሽ የሚል ሰው አሉሚኒየሙን በከንቱ ያሳሳል። ጥልቅ ጭረት ካለ በ800፣ በ1000፣ በ1500 እና በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እየነካኩ፣ ቁጥር ሳይዘለል ይወረዳል፤ የተዘለለው ቁጥር ከፖሊሹ በኋላ ጭረት ሆኖ ብቅ ይላል። በማሽን ሲሠራ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2,000 ዙር ባይበልጥ መልካም ነው፤ ትንሹ ግራይንደር እስከ 11,000 ዙር ስለሚሽከረከር ገጹን ያቃጥላል። ታንኩ ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ማሽኑ ጨርሶ አይቅረበው። በመጨረሻ ጥቂት ዱቄት በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ቢታሽበት የቀረውን ጥቁር ቅባት ይመጥጣል፤ ከዚያ ሰም በስሱ ይቀባል።

ቸርኬው ከሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሽከርከሪያ እምብርት) ጋር የሚገጥምበት ገጽና ዳዶዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ግን ፖሊሽም ሰምም ሊነካቸው አይገባም፤ በመካከል የቀረ ቅባት ዳዶ ያላላል። ሲወለወል በቡሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ከዳዶ ሥር የዝገት መስመር ወደ ውጭ ተዘርግቶ ከተገኘ፣ መወልወሉ ይቁምና መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መካኒክ ይየው። ታንኩን የያዙት የብረት ቀበቶዎችም በየስድስት ወሩ ላላ ተደርገው ከሥራቸው ያለው ጎማ ይታይ፤ ጎማው ተበልቶ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር በእርጥበት ከተገናኘ ታንኩ የሚበሳው በዚያው በማይታየው በኩል ነው።