የእስክሪብቶ እንጨትን ጫፍ ቀጥ ለማድረግ

እስክሪብቶ በቶርኖ የምትቀርጹ ሁሉ፣ ክዳኑና በርሜሉ (የእስክሪብቶው አካል) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስስ ክፍተት ካያችሁ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእንጨቱ ጫፍ በውስጡ በኮላ ከተለጠፈው የነሐስ ቱቦ ጋር 90 ዲግሪ አለመሆኑ ነው። ይህን ጫፍ ለማስተካከል የሚያገለግለው የሚሽከረከር መላጫ ጠንካራና ተሰባሪ እንጨትን ይቦጭቃል፤ እኔ ራሴ በሠራሁት የብርጭቆ ወረቀት ገበታ መጠቀምን እመርጣለሁ።

18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የኮምፔንሳቶ ክብ ቁራጭ ቶርኖው ላይ እሰሩና ፊቱን እዚያው እየተሽከረከረ አስተካክሉት። ከዚያ ሳትፈቱት መሀሉን በስታችሁ ለስላሳ የብረት ዘንግ በጥብቅ አስገቡ። ምስጢሩ ይህ ነው፦ ፊቱም ቀዳዳውም በአንድ እስራት ስለተሠሩ ዘንጉ ለፊቱ ቀጥ ይላል። የውጭ ልኩ 7 ሚሊሜትር ለሆነ ቱቦ ሩብ ኢንች ዘንግ ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ለሰፊ ቱቦ ዘንጉ ላይ የሚጠልቅ ማወፈሪያ ከእንጨት ቅረጹለት። ፊቱ ላይ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ።

ከሁሉ በፊት ግን በቱቦው ውስጥ የደረቀውን ኮላ በክብ ሞረድ አጽዱ። ትንሽ ጠብታ እንኳ እንጨቱን ታዘነብለዋለች፤ እኔ ብዙ እንጨት ያበላሸሁት በዚህ ነው።

ጫፉን በእርሳስ አጥቁሩት፣ ቶርኖውን በዝግታ አስነሡ፣ እንጨቱን ዘንጉ ላይ አስገብታችሁ በቀስታ ግፉ። የእርሳሱ ምልክት ጠፍቶ የነሐሱ ቀለበት ዙሪያውን ሲያበራ ወዲያው አቁሙ። ቱቦው ካጠረ የቀለሙ ቀሰም ከልኩ በላይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ያንን መመለስ አይቻልም።