ስሜን ተራሮችን በእግር እንዴት እንወጣለን? ከደባርቅ እስከ ራስ ዳሽን፣ ከዚያም ወደ ቆላው

ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ «እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?» እያልኩ ነበር ስሜን የሄድኩት። ያ እምነት ቧሂት በሚባለው የተራራ መተላለፊያ ላይ ጉልበቴን ቆርጦ ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰላም ገብቼ በሰላም ወጥቻለሁ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

1. ወቅቱን ምረጡ፣ መንገዱን አጣሩ

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ፣ በረዶውና መብረቁ አይጣል ነው፤ ጭጋጉ ደግሞ ገደሉን ይሸፍነዋል። እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ጭቃው ግን ጠፍቷል። የነቢያት ጾም የሚገባውም ኅዳር 15 ነው፤ ጥቅምት ላይ ከሄዳችሁ በባዶ ሆድ ዳገት አትወጡም። በጾም ወቅት መሄድ ግድ ከሆነባችሁ ከንስሐ አባታችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩ።

አካባቢው በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር አልተለየውም። ስለዚህ በምትነሱበት ሳምንት ጎንደርና ደባርቅ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ መንገዱን ጠይቁ። ከወር በፊት የሰማችሁት ወሬ አይበቃም። መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ከተባላችሁ ጉዞውን አስተላልፉት።

2. ደባርቅ ላይ ሰውና በቅሎ ያዙ

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ አለ፤ መግቢያ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት፣ ማለትም ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። አስጎብኚና ምግብ አብሳይ እንደ አቅማችሁ ነው። በበቅሎ ላይ ግን አትቆጥቡ። ብዙ ሰው በቅሎ ዕቃ መጫኛ ብቻ ትመስለዋለች፤ ጨነቅ ከሚባለው ማደሪያ ወዲያ ግን የታመመ ሰው የሚወርደው በእሷ ጀርባ ነው። ቢያንስ አንዷ ሰው የለመደች መሆኗን ባለበቅሎውን ጠይቁት።

የት የት እንደምታድሩና መቼ እንደምትመለሱ ጽፋችሁ ለቤተሰብ ተዉ። ኔትወርክ በየመንገዱ ይጠፋል።

3. ጫማ፣ ልብስ፣ ስንቅ

አዲስ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንጦጦን ወይም የሰፈራችሁን ዳገት ውጡበትና ውረዱበት። ከጉዞው በፊት የእግር ጥፍራችሁን በአጭሩ ቁረጡ፤ ይህን ባለማድረጌ ከቧሂት ወደ መሸሃ ወንዝ ስወርድ የሁለቱም እግሬ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሮ ቆይቶ ወለቀ። የአገሬው ሰው በኮንጎ ጫማ ሲሮጥ ታያላችሁ። የእሱ እግር በዚያ ድንጋይ ላይ ያደገ ነው፤ እናንተ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ።

ጋቢ ውሰዱ፤ ግን ለማታ ነው። ጥጥ ላብና ዝናብ ሲጠጣ ሙቀት መስጠቱን ያቆማል፣ ክብደቱም ትከሻ ይሰብራል። ስትሄዱ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ልበሱ፣ ከላዩ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ደርቡ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ድንኳኑ ላይ አመዳይ ታገኛላችሁ። ስልክና የባትሪ ድንጋይ አቅፋችሁ እደሩ፤ ብርድ ቻርጁን ይጨርሰዋል። በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ ፊሽካና የፀሐይ መነጽር አይቅሩ። ቆዳችን ጠቁሯል ብላችሁ የፀሐይ ቅባቱን አትተዉት፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ቁርስ መብላት አቅቶኝ ነበር።

ለስንቅ ከውጭ በሚመጣው የታሸገ ምግብ ገንዘብ አታጥፉ። በሶ በማር፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጾም ካልሆነ ደግሞ ጭኮ በቂ ነው። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ምግብ ባስጠላችሁ ሰዓት እንኳ በሶ በውሃ ተበጥብጦ ይወርዳል። ቡና የምታዘወትሩ ከሆነ ቡናችሁን አታቋርጡ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

4. ከፍታውን በሌሊት ቁጠሩ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

ተራራ ላይም አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በመሆኑም በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን ያንሳል። ራስ ዳሽን አናት ላይ ባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ያለው። ስሜን ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሰውነታቸው ይህን እንደተላመደ ተመራማሪዎች አጥንተው ጽፈዋል። ያ የእነሱ ሰውነት ነው። አዲስ አበባ መኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ትንሽ ያስቀድማችሁ ይሆናል፤ 4,000 ሜትር ላይ ግን አያድናችሁም።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ያደረግኩት እንዲህ ነበር። ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ጎንደር ደረስኩ። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ በዚያው ቀን መኪና ተከራይቼ ቀጥታ ጨነቅ ገባሁ። ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። ሌሊቱን ጭንቅላቴ በገመድ የታሰረ ያህል ሲወጥረኝ አደረ፤ ብድግ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። «ዛሬ ቡና ስላልጠጣሁ ነው» አልኩና ማስታገሻ ዋጥኩ። ጠዋት እንቁላል ሲጠበስ ሽታው አስጠላኝ። ማስታገሻ ደገምኩና ወደ ቧሂት ዳገቱን ጀመርኩ።

4,200 ሜትር አካባቢ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ተንበርክኬ አስመለሰኝ። ስካውቱ የአባቴ እኩያ ነበሩ፤ ጠመንጃቸውን አንግተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ከኋላዬ ነበር የሚሄዱት። ስነሳ አረማመዴን ቆመው አዩና «ልጄ፣ እግርህ መሬቱን እየሳተ ነው። ዛሬ አይሆንም፣ እንውረድ» አሉኝ። «ጋሼ፣ መተላለፊያው እኮ እዚህ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» አልኩ። መልስ አልሰጡኝም። ሻንጣዬን ከትከሻዬ አውልቀው ያዙና ቁልቁል መራመድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። ከጨነቅ በመኪና ደባርቅ ገባን፤ ማታ ራሴ ለቀቀኝ፣ ሽሮ በላሁ። ሰው እንደሰከረ ሲንገዳገድ የአንጎል እብጠት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያወቅኩት ኋላ ነው። እሳቸው ባይኖሩ ወደ ላይ እቀጥል ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የዛሬው ማደሪያችሁ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፣ እንዲያውም ያለማምዳል። የሚቆጠረው የምታድሩበት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደባርቅ እደሩ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ሳንቃበር፣ 3,250። ከዚያ ግጭ፣ 3,600። ከዚያ ጨነቅ። መኪና መንገዱ ጨነቅን አልፎ ቧሂትን ስለሚሻገር በአንድ ቀን እላይ የሚያደርሳችሁ ሾፌር አይጠፋም። እንቢ በሉ።

ስትሄዱ እያወራችሁ መራመድ በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ወሬው ከተቆራረጠ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ጠላና አረቄ ቢቀርብላችሁ አመስግናችሁ ለመመለሻ አቆዩት፤ የእንቅልፍ መድኃኒትም አትውሰዱ፣ ሁለቱም ሌሊት ትንፋሽን ያዳክማሉ። ቡናውን አታቋርጡ ያልኩት የቡና ሱስ ራስ ምታት ከከፍታው ራስ ምታት ጋር እንዳይምታታባችሁ ነው።

ራስ ምታት ከምግብ መጥላት፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ በዚያ ቀን ከዚያ በላይ አትውጡ። ማስታገሻ መውሰድ ይቻላል፤ ግን ሕመሙን እንጂ ምክንያቱን አያነሳም፣ «ተሻለኝ» ብላችሁ እንድትወጡም አይፈቅድላችሁም። እያደር ከባሰ ውረዱ። አሲታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት ሰውነት ቶሎ እንዲላመድ ይረዳል፤ ሐኪም ሳያዝላችሁ ግን አትውሰዱት፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማችሁ። ማደሪያዎቹን ለመዝለልም ፈቃድ አይደለም።

ማታ ማታ አንዳችሁ ሌላውን ፈትኑ። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጫፍ እያስነካችሁ ቀጥ ባለ መስመር አሥር እርምጃ መሄድ ነው። የተንገዳገደ፣ ግራ የተጋባ፣ ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ ያጠረው ወይም አረፋማ አክታ የሚያስለው ሰው ካለ ጠዋትን አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን በበቅሎ ወይም በመኪና ከ300 እስከ 1,000 ሜትር አውርዱት። ብቻውን አትስደዱት።

5. ውሃ

የምንጭ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብትና ጭላዳ ዝንጀሮ አለበት። አፍሉት፤ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከያዛችሁም ይሠራል፣ ልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንብቡ። በቀን ሦስት ሊትር ጠጡ። ሽንታችሁ ከጠቆረ አንሷችኋል።

6. ገደሉና ቁልቁለቱ

እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል አፋፍ 3,926 ሜትር ላይ ነው፤ ዕይታው ቃል ያሳጥራል። ጫፉ ግን የተፈረካከሰ ድንጋይ ነው። ፎቶ ለመነሳት ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አትሂዱ። ከቀትር በኋላ ጭጋግ ሲነሳ ከገደሉ ራቁ፣ መንገዱ ከጠፋባችሁም ባላችሁበት ቆማችሁ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ። ለጭላዳዎቹ ምግብ አትስጡ። ስለ ነብር አትጨነቁ፤ በመንደር ስታልፉ ውሻ ነው የሚያሰጋው፣ ስካውቱ ይቅደም።

ከቧሂት ወደ መሸሃ የሚወርደው መንገድ ጉልበት ጨራሽ ነው። ዱላ ያዙ፤ ዘመናዊው የብረት ምርኩዝ ያን ያህል ብልጫ የለውም፣ ደባርቅ የሚሸጠው የወይራ ዱላ ይበቃል። ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ በአጭር በአጭር እርምጃ ውረዱ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ አይሞከርም።

አምቢቆ መንደር አድራችሁ ራስ ዳሽን ደርሶ መመለስ ዘጠኝ አሥር ሰዓት ይፈጃል። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን ተምረን ነበር፤ አሁን የሚጠቀሰው ከ4,530 እስከ 4,550 ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። ቀን 6 ሰዓት ላይ የትም ብትሆኑ ተመለሱ፤ ዳገቱ ይቆያል፣ ብርሃኑ አይቆይም።

7. ወደ ቆላው ከወረዳችሁ

ከጨነቅ በሶና፣ በመካረብያና በሙሊት አድርጎ አዲአርቃይ የሚወጣ መንገድ አለ። 2,000 ሜትር ያህል ነው የምትወርዱት፤ ጠዋት አመዳይ የረገጠ እግር በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የቆላ ሐሩር ያገኘዋል። እዚህ ጠላታችሁ ይለወጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ እስከ 4 ሰዓት ሂዱ፣ ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር እስከ 9 ሰዓት ዕረፉ። በአፋር በረሃ ኤርታሌን የሚያዩ ተጓዦች ለዓመታት ዳገቱን በማታ ሲወጡት የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ውሃውን ወደ አምስት ሊትር አሳድጉት፣ በየመሐሉ ኦአርኤስ (ጨውና ስኳር ያለበት ዱቄት) በጥብጡ፤ ጨው ሳይኖር ውሃ ብቻ ማብዛት ራሱ ያሳምማል። ሻሽ አርጥባችሁ አንገታችሁ ላይ ጣሉ። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለ፣ የሚናገረው የተምታታበት ሰው ካጋጠማችሁ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ ልብሱን አውልቃችሁ ውሃ አፍስሱበት፣ በነጠላ አራግቡት፤ ራሱን ካልሳተና መዋጥ ከቻለ ብቻ አጠጡት፣ ወዲያውም ሕክምና አድርሱት። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ድንኳን አትትከሉ። እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ በሌሊት ይደርሳል።

አዲአርቃይ ስትደርሱ ከባለበቅሎውና ከስካውቱ ጋር ሒሳባችሁን እዚያው ጨርሱ፤ ሽቅብ የሚመለሱት በእግራቸው ነው። የተረፋችሁን በሶ፣ ፕላስተርና ኦአርኤስ ለእነሱ ስጡ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ያንን ሻንጣዬን የቀሙኝን ስካውት ደባርቅ ላይ አግኝቼ የሱፍ ሹራብ ሰጥቻቸዋለሁ። «አሁንስ ደባርቅ አደርክ?» ብለው ነበር መጀመሪያ የጠየቁኝ።