ሪድ ሪሲት ሰው ሳያስቀይሙ እንዴት ይጠየቃል

ቴሌግራም ላይ ሁለቷን ምልክት ማየት ስለለመድን ኢሜይልም እንደዚያው ይመስለናል። አይደለም። ኢሜይል መከፈቱን የሚያሳውቀው ሪድ ሪሲት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚላከው ተቀባዩ ሲፈቅድ ነው። ላኪው ማረጋገጫ ይፈልጋል፣ ይላክለት ወይ የሚል ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ይመጣበታል። እምቢ ቢል እናንተ የምታውቁበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ የግድ ያስፈልጋል ወይ በሉ። እኔ የምጠይቀው የደረሰበት ቀን ለውጥ ሲያመጣ ብቻ ነው፦ የጨረታ ሰነድ፣ የሥራ መልቀቂያ፣ የውል ማቋረጫ ደብዳቤ። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ስናስገባ ቀሪው ላይ እናስፈርም የለ? ማንም አይቀየምም። ለስብሰባ ጥሪ ግን ቀሪ ይዞ የሚዞር የለም። ወረቀት ቢሆን የማታስፈርሙበትን በኢሜይልም አትጠይቁ።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ በአውትሉክ አዲስ መልእክት ከፍታችሁ ኦፕሽንስ የሚለው ውስጥ ሪኩዌስት ኤ ሪድ ሪሲት ላይ ምልክት ታደርጋላችሁ። ጂሜይል ላይ መጻፊያው ግርጌ ያሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ ግን የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት አካውንት ላይ ብቻ፣ ያውም አስተዳዳሪው ከፈቀደ። ተራው ጂሜይል ላይ የለም፣ ፈልጋችሁ አትድከሙ። አውትሉክ በምትልኩት ሁሉ ላይ በራሱ እንዲጠይቅ የሚያደርግ ምርጫም አለው፤ እባካችሁ እሱን አትንኩት።

ከባዱ መልእክቱ ውስጥ የምትጽፉት ነው። ያ ጥያቄ ድንገት ሲመጣበት ሰው አላመኑኝም ብሎ ያስባል፣ በተለይ በዕድሜ ወይም በሥልጣን ከፍ ያለ ከሆነ። ስለዚህ ምክንያቱን ቀድማችሁ ንገሩት። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «ማቅረቢያው ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ስለሚዘጋ፣ ሰነዱ እንደደረስዎ ለማወቅ ማረጋገጫ ጠይቄያለሁ። ካልተመቸዎ ደርሶኛል ብለው ቢመልሱልኝም ይበቃኛል።» ሥራውን የምትሠራው ሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሰውየው እንደተገደደ አይሰማውም፣ እናንተም በራሱ እጅ የተጻፈ መልስ ታገኛላችሁ፣ እሱ ደግሞ ከየትኛውም ሪሲት የበለጠ ማስረጃ ነው። ለአለቃዬ ስጽፍማ ምልክቷን ትቼ ይህንኑ ብቻ እጠይቃለሁ። ለብዙ ሰው በአንዴ በሚላክ ኢሜይል ላይም ተዉት፣ የራሳችሁ ሳጥን ነው በማረጋገጫ የሚሞላው።

ሪሲቱ መጣ እንበል። መከፈቱን እንጂ መነበቡን አይናገርም፤ አባሪው ፋይል ጨርሶ ሳይነካ ሊቀር ይችላል። ካልመጣም አልተነበበም ማለት አይደለም፤ ተቀባዩ ጭራሽ እንዳይላክ አድርጎ አስተካክሎት ይሆናል፣ ወይም የሚጠቀምበት አፕ ሪሲት የሚባል ነገር አያውቅም። «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ከፍተኸዋል፣ ለምን ዝም አልክ?» ብላችሁ ግን በፍጹም አትጻፉ። ሰው እንደዚህ ከተያዘ በኋላ ሁለተኛ አይፈቅድላችሁም። ሁለት የሥራ ቀን ጠብቁና ደውሉ።

ኢሜይሉ ውስጥ በማትታይ ትንሽ ምስል ተደብቀው፣ ምስሏ ስትጫን መልእክቱ ተከፍቷል ብለው የሚያሳውቁትን መሣሪያዎች አልወዳቸውም። ሰውየው ሳይፈቅድ ነው የሚሰልሉት። የሚነግሯችሁም አይታመንም፤ የአፕል ሜይል ከ2021 ጀምሮ ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ተቀባዩ መልእክቱን ባይከፍተውም ምስሎቹን ቀድሞ ሊጭን ስለሚችል፣ ያልተነበበውን ተከፍቷል ይሏችኋል።

ተቀባይ ስትሆኑም በእያንዳንዱ ጊዜ ጠይቀኝ የሚለውን ምረጡ። በነባሩ (ክላሲክ) አውትሉክ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሜይል ብላችሁ ትራኪንግ የሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ቀን የሚቆጠርበት ጉዳይ ከሆነ ፍቀዱለት፤ ላኪው ተጨንቆ ነው የሚጠብቀው።