ከፀጉር ንቅለ ተከላ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮች፦ ምልክታቸው፣ ምክንያታቸውና መፍትሔያቸው

ይህ ጽሑፍ በኢስታንቡልም ሆነ እዚሁ አዲስ አበባ ፀጉራቸውን አስተክለው ወደ ቤታቸው ለተመለሱና ከዚያ በኋላ በመስታወት ባዩት ነገር ለተጨነቁ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የታዘዘልዎትን መድኃኒት በሰዓቱ እንደሚወስዱ፣ ሲጋራ፣ አልኮልና ጫት እንዳቆሙ፣ የተተከለውን ቦታ ሳያስፈልግ እንደማይነካኩ በመተማመን በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እገባለሁ። በቆዳ ሕክምና ክፍል ቁስል እያጠብኩ ስሠራ ደጋግሞ የመጣውን በሰፊው፣ አልፎ አልፎ የታየውን በአጭሩ አስቀምጫለሁ።

ግንባርና የዓይን ሽፋን ሲያብጥ

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ግንባር ያብጣል፤ እብጠቱም ቀስ በቀስ ወደ ዓይን ሽፋን ይወርድና አንዳንዱ ሰው ጠዋት ሲነሳ ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ይህ የሚሆነው በሕክምናው ወቅት ከራስ ቆዳ ሥር የተወጋው ማደንዘዣና የጨው ውኃ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ባለ ትራስ በጀርባዎ ይተኙ፣ ጎንበስ አይበሉ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም በግንባርዎ ላይ ለጥቂት ደቂቃዎች ይያዙ፤ በረዶው ግን ከተከላው መስመር በታች እንጂ በተተከለው ፀጉር ላይ ፈጽሞ ማረፍ የለበትም። እብጠቱ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ትኩሳት ካለው፣ ቦታው ከጋለ ወይም መግል ከታየ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከኢስታንቡል አዲስ አበባ ያለው በረራ 5 ሰዓት ገደማ የሚፈጅና አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት የሚደረግ በመሆኑ፣ የአንገት ትራስ ሳይዙ ተሳፍረው ጭንቅላታቸውን በመስኮቱ ላይ አስደግፈው የሚተኙ ሰዎች በአንድ ጎን የተተከለላቸውን ፀጉር ፈግፍገው ይደርሳሉ።

ቅርፊቱ አልለቅ ሲል

ከሁሉም በላይ የሚመጣው ችግር ይህ ነው። ታካሚው ከተተከለለት 15 ወይም 20 ቀን አልፎታል፤ ኮፍያውን ሲያወልቅ ግን የራሱ የፊት ክፍል በወፍራም ቡናማ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ አጫጭር ፀጉሮች በቅርፊቱ ውስጥ ተጣብቀዋል፤ ከሥሩ ቆዳው ቀልቶ ያረጥባል፤ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይሸታል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቁስሉን ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ የተተከለ የፀጉር ሥር፣ በሙያው አጠራር ግራፍት፣ ከ1 እስከ 4 ፀጉር ይዞ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከቀዳዳዋ የወጣው ደምና ፈሳሽ ይደርቅና በፀጉሩ ዙሪያ ትንሽ ቅርፊት ይሠራል። ይህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቅ ነው። ማጠብ እንደ ክሊኒኩ ትእዛዝ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይጀመራል፤ በየቀኑ እየለሰለሰ የሚሄደው ቅርፊትም ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ተጠራርጎ መውጣት አለበት። እንዳይወጣ የሚያደርገው በአብዛኛው ፍርሃት ነው። ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ አገር አቋርጦ ያስተከለ ሰው ፀጉሩ ውኃ በነካው ቁጥር የሚረግፍ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከላይ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥብና ታጠብኩ ይላል።

በዚህ ረገድ ክሊኒኮችንም መውቀስ ይገባል። ለታካሚው የሚሰጠው ከረጢት ውስጥ ያለው ወረቀት በቱርክኛ ብቻ የተጻፈበት ጊዜ አለ፤ አስተርጓሚውም በመጨረሻው ቀን በችኮላ ጥቂት ቃላት ተናግሮ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። «ውኃ እንዳይነካው» የተባለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ መሆኑ ሳይነገረው ለሦስት ሳምንታት ያህል ጭንቅላቱን ሳይታጠብ የመጣ ሰው አይቻለሁ። በዋትሳፕ ፎቶ ልኮ ሲጠይቅ «በጣም ጥሩ ነው» የሚል አንድ መልስ ደርሶት ነበር። ለዚህ ሁሉ ወጪ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ማግኘት የታካሚው መብት ነው፤ ሳይሰጥዎት ከክሊኒኩ አይውጡ።

ሁለተኛው ምክንያት ቅቤ ነው። ቅርፊቱ ሲደርቅና ሲያሳክክ እናት ወይም አክስት በቅንነት ለጋ ቅቤ ያመጣሉ፤ «ያለሰልስልሃል ልጄ» ብለውም ይቀቡታል። ቅቤ ለጤነኛ ፀጉር የቆየ እንክብካቤ ነው፤ እኔም በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ባሉበት ቆዳ ላይ ሲቀባ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፤ ፈሳሹ እንዳይወጣ ይደፍናል፤ አቧራም ይይዛል። ከቅርፊቱ ጋር ተዋህዶ ሲደርቅ በውኃ ብቻ የማይለቅ ድርብ ሽፋን ይሆናል። አንድ ወጣት ለሳምንት ያህል ማታ ማታ ቅቤ እየተቀባ፣ ሌሊት ደግሞ በሻሽ እየታሰረ ቆይቶ ሲመጣ፣ ከሽፋኑ ሥር መግል ቋጥሮ ስለነበር አንቲባዮቲክ መውሰድ ግድ ሆኖበታል። የወይራ ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የሬት ፈሳሽና የሽንኩርት ጭማቂም ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ በዚያ ቦታ ላይ አይቀቡ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስሕተት ደግሞ በጥፍር ወይም በወረንጦ መልቀም ነው። በ5ኛው ቀን መስታወት ፊት ተቀምጦ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ያነሳ ሰው ነበር፤ ደም የወጣባቸው ቦታዎች ከዓመት በኋላም ባዶ ሆነው ቀርተዋል።

የጊዜውን ሥሌት በትክክል ይያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግራፍቱ በቀላሉ ይወጣል። ከ6ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ፀጉሩ ቢሳብ ሥሩ ይቀራል፤ ይሁን እንጂ የተጣበቀ ደረቅ ቅርፊት በኃይል ከተነሳ እስከ 8ኛው ቀን ድረስ ሥሩን ይዞ ሊወጣ ይችላል። ከ10ኛው ቀን በኋላ ግራፍቱ ከቆዳው ጋር ተዋህዷል። ከዚያ ወዲህ ከቅርፊቱ ጋር ጫፉ ነጣ ያለ አጭር ፀጉር ቢወጣና ደም ባይኖር ሥሩ ከቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው፤ አይደንግጡ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። ከመታጠብዎ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በፊት ከክሊኒኩ የተሰጠዎትን ሎሽን ወይም አረፋ በቦታው ላይ ያኑሩ፤ ከሌለዎት ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን ኖርማል ሳላይን (ከጀርም የጸዳ የጨው ውኃ) በመርጫ ደጋግመው እያርከፈከፉ ቅርፊቱን ያርሱት። ውኃው ለብ ያለ ይሁን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በጀሪካን የቆየውን አፍልተውና አብርደው ይጠቀሙ። የሕፃናት ሻምፖ ወይም የተሰጠዎትን ሻምፖ በመዳፍዎ አረፋ አድርገው በቦታው ላይ ያሳርፉት፤ እስከ 7ኛው ቀን በጣቶችዎ ለስላሳ ክፍል ቀስ ብለው መታ መታ ከማድረግ አይለፉ። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ በጣትዎ ለስላሳ ክፍል ትናንሽ ክብ እየሠሩ በቀስታ ይሹት፤ ከ10ኛው ቀን በኋላ ደግሞ ጫን ይበሉ፤ ጥፍር ግን በየትኛውም ቀን አይነካውም። የሻወር ውኃ በኃይል ስለሚወርድ በኩባያ እያፈሰሱ ያጥቡት፤ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያድርቁት፤ በሞቃት የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ። ቅርፊቱ ከ14ኛው ቀን በላይ ቆይቶ ከሆነ ይህንኑ ጠዋትና ማታ ያድርጉ፤ በአንድ ጊዜ ሊጨርሱት አይሞክሩ። በአብዛኛው በ3 ወይም በ4 ቀን ይጸዳል። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ካለ ግን ማለስለሱን ትተው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ።

ጠበል የሚጠመቁ ሰዎችም ውኃው ከከፍታ በኃይል ስለሚወርድ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እስኪያልፉ ጭንቅላታቸውን እንዳያስመቱ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይመካከሩ።

ጭንቅላት ተመቶ ደም ሲወጣ

የሚኒባስ ታክሲ በር፣ የቁም ሳጥን ጠርዝና ጠባብ የሞተር ሳይክል ሄልሜት የተለመዱ ምክንያቶች ናቸው። በሳላይን የረጠበ ንጹሕ ጎዝ በደማው ነጥብ ላይ ሳይፈትጉ ለ10 ደቂቃ ይጫኑ። የወደቀ ግራፍት ቤት ውስጥ መልሶ አይተከልም፤ አንድ ሁለት ቢጠፋ ደግሞ ለዓይን አይታይም።

የተተከለው ፀጉር ሲረግፍ

ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የተተከለው ፀጉር አብዛኛው ይረግፋል። ከቦታው የተነቀለው ሥር በደረሰበት ድንጋጤ ወደ ዕረፍት ስለሚገባ የያዘውን ፀጉር ይለቅቃል፤ ሥሩ ራሱ ግን ከቆዳው ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቆያል። በአካባቢው የነበረው የቀድሞ ፀጉርም አብሮ ሊሳሳ ይችላል፤ ይህም በአብዛኛው ይመለሳል። አዲሱ ፀጉር በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር በቀጭኑ ብቅ ይላል፤ በ6ኛው ወር ልዩነቱ ይታያል፤ ውጤቱን ለመመዘን 12 ወር፣ ለአናት ደግሞ እስከ 18 ወር ይጠበቃል። ለዚህ ደረጃ የሚሆን ፈጣን መድኃኒት የለም። በዚህ ጊዜ የተጨነቀውን ሰው እየጠበቁ በቴሌግራም «ፀጉር አብቃይ» እያሉ መለያ የሌለው ጠርሙስ የሚሸጡ ሰዎች በእውነት ያሳዝኑኛል፤ ከውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም፣ በገና ባልጠና ቆዳ ላይም ቃጠሎና ሽፍታ ያመጣል። ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የሚጠቅመው እጥረቱ ላለበት ሰው ነው። በራስ ቆዳ ላይ የሚቀባው የፀጉር መድኃኒት ሚኖክሲዲል ሐኪምዎ ከፈቀደ በኋላ ይጀመራል፤ ቀደም ብሎ ከተቀባ በውስጡ ያለው አልኮል ቁስሉን ያቃጥላል።

ብጉር ሲወጣና ፀጉር ወደ ውስጥ ሲያድግ

ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር አዲሱ ፀጉር ቆዳውን ሰብሮ ሲወጣ ትናንሽ ብጉሮች ይታያሉ። እንደ እኛ ፀጉሩ የሚጠቀለል ሰው ደግሞ ሥሩም ከቆዳው በታች የታጠፈ ስለሆነ ፀጉሩ አቅጣጫ ስቶ ወደ ውስጥ ሊያድግ ይችላል። በለብታ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ይያዙበት። አያፍርጡት፤ የፈረጠ ብጉር ጠባሳ ይተዋል፣ ሥሩንም ሊገድል ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከወጡና መግል ከያዙ አንቲባዮቲክ የሚያዘው ሐኪም ነው።

ማጅራት ላይ ጠባሳ ሲያብጥ

ሥሩ ከተወሰደበት የኋላ ክፍል ጠንከር ያለ፣ የሚያሳክክና የሚያድግ እብጠት ከታየ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጥን ነን፤ በጆሮ መበሳት ወይም በክትባት ቦታ እንዲህ ያለ ጠባሳ የነበረበት ሰው ይህን ከተከላው በፊት ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል። ሕክምናው በእብጠቱ ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ማጅራቱን በምላጭ መላጨትና በማሽን እስከ ቆዳው ማስነካት ያባብሰዋል። ፀጉር ቆራጭዎ በተወሰደበት ቦታ ላይ ማሽን ከ1 ወር በፊት እንዳያሳርፍ፣ የተተከለውን ክፍል ደግሞ ለ6 ወራት በመቀስ ብቻ እንዲያስተካክል ይንገሩት።

እምብዛም የማይታዩ

ከሕክምናው በኋላ ለቀናት የማያቋርጥ ስቅታ የሚይዘው ሰው አለ፤ ሐኪም መድኃኒት ያዝለታል። የራስ ቆዳ መደንዘዝ ለወራት ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ ይመለሳል። የተተከለው ቦታ በከፊል ከጠቆረና ቆዳው ከሞተ ግን ደም እዚያ እየደረሰ አይደለም ማለት ነውና በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ፤ አጫሾችና የስኳር ሕሙማን ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ከዓመት በኋላ ክፍተት ሲታይ

የተተከለው ፀጉር ቆሞ ከኋላው ያለው የቀድሞ ፀጉር እየሳሳ ከሄደ ተከላው አልከሸፈም። የኒው ዮርኩ ሐኪም ኖርማን ኦረንትራይክ በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ከኋላ ራስ የተወሰደ ሥር በሄደበትም ቦታ የመጣበትን ጠባይ ይይዛል፤ ያልተተከለው የፊት ፀጉር ግን መሳሳቱን ይቀጥላል። ይህን የሚያዘገዩት ሚኖክሲዲልና በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ፊናስተራይድ ናቸው፤ ፊናስተራይድን እርጉዝ የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት አትወስድም፣ የተሰበረውንም ኪኒን አትነካም።

በጥብቅ ሹሩባ ብዛት ግንባራቸው ተራቁቶ ላስተከሉ ሴቶች ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ወደዚያው ሹሩባ ወይም በሙጫ ወደሚለጠፍ ዊግ ቶሎ መመለስ። መጎተቱ ካልቆመ የተተከለውም ፀጉር እንደ ፊተኛው ይነቀላል። የፊት መስመሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይጎነጎን ይቆይ፤ ከዚያም ሹሩባ ሠሪዋ ከግንባር ትንሽ ገባ ብላ እንድትጀምርና ላላ አድርጋ እንድትሠራው ይንገሯት፤ ስትጎነጉን ቆዳዎ ከተወጠረና ካመመዎት ያንኑ ጊዜ ታስፈታው።