ጉሉኮሱ ቀድሞ አለቀ ወይስ አልወርድ አለ? ሮለሩን ከመንካታችሁ በፊት

ክረምት ነው፣ ደሴ፣ የጠዋት ተራ። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ ነው፤ ሰው ግን በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ ጉሉኮስ ይለዋል) በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ታዟል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰቀልኩትና "10 ሰዓት ያልቃል" ብዬ ፕላስተር ላይ ጻፍኩ። 8 ሰዓት ላይ ስመለስ ባዶ ሆኗል። ሮለሩን (ቱቦውን እያጠበበና እያሰፋ ፍጥነቱን የሚወስነውን መዘውር) ማንም አልነካውም፤ ጠብታውንም ቆጥሬ ነው የሄድኩት፣ በደቂቃ ልክ 42 ነበር። ታካሚዋ ደህና ነበሩ፣ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ለአዲስ ነርስ ሁሉ ሳልናገር አላልፍም።

ቀድሞ ካለቀ

መጀመሪያ የሴቱን፣ ማለትም ፈሳሹ የሚወርድበትን የቱቦ ዕቃ፣ ማሸጊያ ፈልጉ። አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል፦ ለትልቁ ሴት 10፣ 15 ወይም 20፣ ጠብታው ትንንሽ ለሆነው ለማይክሮ ሴት 60። ከዚያ የታዘዘውን ሚሊ ሊትር በዚህ ቁጥር አባዙና ለደቂቃው አካፍሉ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። በ20 ሴት 1000 × 20 ÷ 480 ስንል 41.7 ይመጣል፣ ማለትም 42 ጠብታ በደቂቃ። የእኔ ስህተት እዚህ ላይ ነበር፤ እጄ 20 ለምዷል፣ የዚያን ቀን የተከፈተው ካርቶን ግን 15 ነው። በ15 ትክክሉ 31 ነበር። እኔ 42 ስለለቀቅኩት በየደቂቃው 2.8 ሚሊ ሊትር ገባ፣ ሊትሩም በ6 ሰዓት አለቀ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ያንኑ 42 በማይክሮ ሴት ብትለቁት በሰዓት 42 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የሚገባው፣ ሊትሩ አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል። (በማይክሮ ሴት ጠብታ በደቂቃና ሚሊ ሊትር በሰዓት አንድ ቁጥር ናቸው። ሕፃናት ክፍል የምትሠሩ ይቺን ያዟት።)

ሂሳቡ ልክ ከሆነ አስታማሚውን ጠይቁ፣ ግን በቁጣ አይደለም። ሮለሩን የሚከፍት ዘመድ ፈሳሹ ቶሎ በገባ ቁጥር በሽተኛው ቶሎ የሚበረታ ይመስለዋል። ገና ስትሰቅሉ "እማማ፣ ይሄ ቶሎ ከገባ ልብና ሳንባ ላይ ይከብዳል፣ የቆመ ከመሰለዎት እኔን ይጥሩኝ" ብትሏቸው ብዙ ጊዜ ከዚያ ወዲያ እሳቸው ራሳቸው ጠባቂ ይሆናሉ።

ብዙ ከገባ ደግሞ ሮለሩን በጣም ቀንሱ፣ ታካሚውን ቀና አድርጉ፣ ትንፋሽና የልብ ምት እዩ፣ ሳል መጀመሩን ጠይቁ፣ ሐኪም ጥሩ፣ ስንት እንደገባም መዝግቡ። ፖታሲየም የተጨመረበት ከሆነ መቀነስ አይበቃም፣ ወዲያው ዝጉት፤ የልብ ምት ያዛባል።

አልወርድ ካለ

ከክንድ ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቦታ አብጧል? ቀዝቅዟል? ያማል? ፈሳሹ ከደም ሥር ውጭ እየፈሰሰ ነው፤ ዝጉ፣ ንቀሉ፣ ሌላ ክንድ ፈልጉ። መቅላትና ማቃጠል ካለም መነቀል አለበት። ደህና ከሆነ ክርናቸውን ወይም አንጓቸውን አጥፈው እንደሆነ፣ የሹራብ እጅጌ ወይም የደም ግፊት መለኪያው እንዳላነቀው፣ ቱቦው ከትከሻቸው ሥር እንዳልገባ ተመልከቱ። የደሴን ብርድም አትርሱ፤ ሌሊት ከብርድ ልብስ ውጭ ያደረ ክንድ ደም ሥሩ ይኮማተራል፣ ሸፈን አድርጉትና ጥቂት ጠብቁ። ቀጥሎ ወደ ላይ እዩ። ፈሳሹ ያለው በማይጨማደድ ጠንካራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሆነ የሴቱ የአየር መግቢያ ክዳን መከፈት አለበት፣ አለዚያ ትንሽ ወርዶ ይቆማል። ጠርሙሱን በመርፌ መብሳት ግን ጀርም ማስገባት ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ካኑላው ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነም በሲሪንጅ በኃይል አትግፉት።

ከፍታውም አለ፤ ከታካሚው አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ይህ በደንብ የሚታየው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ሲመጣ ነው። አምቡላንሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ፈሳሹን በእጁ የያዘው ዘመድ ይደክመዋል፣ እጁ ቀስ በቀስ ጭኑ ላይ ያርፋል፣ ጠብታው ይቆማል፣ ደምም ወደ ቱቦው ይመለሳል። መንጠቆ ከሌለ ገመድም ቢሆን ፈልጋችሁ ከላይ እሰሩት፣ መኪናው ሲቆም ደግሞ እንደገና ቁጠሩ።

ወደ ኋላ ከቀረ

ያው ሊትር በ20 ሴት በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዞ፣ 4 ሰዓት ቀርቶት 600 ሚሊ ሊትር ካለ 100 ዘግይቷል። "ላካክሰው" ብሎ መልቀቅ የለም። የቀረውን ለቀረው ጊዜ አስሉ፦ 600 × 20 ÷ 240፣ 50 ጠብታ። ከ42 ወደ 50 ከማሳደጋችሁ በፊት ያዘዘውን ሐኪም አነጋግሩ፣ በተለይ ታካሚው ሕፃን፣ አዛውንት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆነ። ካስተካከላችሁ በኋላ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ተመልሳችሁ ቁጠሩ፤ ሮለር ብቻውን ይንሸራተታል፣ ታካሚም ይገላበጣል።

አሁን ፕላስተሩ ላይ የምጽፈው ሰዓቱን ብቻ አይደለም። የሴቱን ቁጥርና ጠብታውን እጨምራለሁ፦ "15 ሴት፣ 31 በደቂቃ፣ ከ2 እስከ 10"። ተራ የምትቀበለኝ ነርስ ማሸጊያውን ቆሻሻ ውስጥ መፈለግ የለባትም።