ለአገልጋዮች ጤንነት ፕሮግራም የዕቅድ ግራንት እንዴት ይጠየቃል?

አንድ ቄስ የስንት ቤት ንስሐ አባት ነው። መጋቢም ዘንድ ሐዘኑም፣ ሠርጉም፣ የባልና ሚስት ጠቡም ይመጣል። የእነሱን ድካም ማን ይስማ? አሜሪካ ውስጥ የአገልጋዮችን ጤንነት የሚደግፉ ፋውንዴሽኖች፣ ማለትም ገንዘብ የሚለግሱ ድርጅቶች፣ አሉ። ኢንዲያናፖሊስ ያለው ሊሊ ኢንዳውመንት በዚህ ይታወቃል። የዕቅድ ግራንት የሚባለው ድጋፍ ግን ችግሩን ማጥኛ ገንዘብ እንጂ ፕሮግራም ማስኬጃ አይደለም።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን አስተካክሉ። በአሜሪካ ሕግ ቤተ ክርስቲያን ሳታመለክትም ከግብር ነፃ ናት። ብዙ ሰጪዎች ግን ይህን የሚያረጋግጥ ከግብር መሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤው ከሌላችሁ፣ ደብዳቤው ካለው ሌላ ድርጅት ጋር ገንዘቡን እንዲቀበልላችሁ ተስማሙ።

ቀጥሎ ሰጪውን እወቁ። የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ የሚያስገቡት 990-ፒኤፍ የተባለ ቅጽ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለማን ስንት እንደሰጡ እዚያ ላይ ታገኛላችሁ።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። መልሱን ይዛችሁ አትሂዱ። «የሦስት ቀን ሱባኤ እናዘጋጃለን» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምኑ ይጠናል? በሰሜን ካሮላይና ዱክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የሜቶዲስት አገልጋዮችን ጤና የሚመለከት ሥራ ሲጀምር አስቀድሞ ራሳቸውን አገልጋዮቹን በቡድን አወያየ፣ መጠይቅም በተነ። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከግዛቱ ሌላ ነዋሪ ይልቅ በእነሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። ፕሮግራሙ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ ማንን፣ የትና እንዴት እንደምትሰሙ በዝርዝር ጻፉ። ሽማግሌዎችና የቦርድ አባላት በተቀመጡበት ማንም ገመናውን አይናገርም። አገልጋዮቹን ለብቻ፣ የትዳር አጋሮቻቸውንም ለብቻ አነጋግሩ። የተናገሩት በማን እጅ እንደሚቀመጥ ግልጽ ይሁን። ይህ ካልተረጋገጠላቸው «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይሸኟችኋል። በውጭ አገር ባሉ አማርኛ ተናጋሪ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ አገልጋይ ሌላ ሥራም ስላለው ሰዓቱን እሱ ይምረጥ።

በጀቱ ላይ የአስተባባሪውን ደመወዝ፣ የቃለ መጠይቅ አድራጊውንና የተርጓሚውን ክፍያ፣ የትራንስፖርትና የሕፃናት መጠበቂያ ወጪን አስገቡ። ሰጪው ከፈቀደ ለተሳታፊዎቹ ጊዜም ትንሽ ክፍያ ያዙ፤ ከሌላ ሥራቸው ቀርተው ነው የሚመጡት።

በመጨረሻ ምን እንደምታስረክቡ ጻፉ፦ የተሰማው ምንድን ነው፣ ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ ስንት ይፈጃል። ከማስገባታችሁ በፊት ረቂቁን ሁለት ሦስት አገልጋዮች ያንብቡት። «ይሄ እኛን አይመለከትም» ያሉትን ክፍል አውጡት።