የሚያፈስ የነዳጅ ታንከር ሥር ያለውን አፈርና ውሃ በቁፋሮ እንዴት መመርመር ይቻላል?

ማደያ ግቢ ውስጥ የተቀበረ ታንከር ሲያፈስ ቤንዚኑ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ይደርስና ይንሳፈፋል። በውስጡ ያለው ቤንዝን የተባለ ካንሰር አምጪ ውህድ ግን ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ብክለቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ መቆፈር ግድ ነው፤ ያለ ጥንቃቄ ከተቆፈረ ግን ጉድጓዱ ራሱ ለብክለቱ መውረጃ ይሆናል።

ቦታ መምረጥ

የታንከሩን፣ የቧንቧውንና የመብራት መስመሩን ንድፍ ይዛችሁ የመጀመሪያውን 1.5 ሜትር በእጅ ቆፍሩ። ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ በአንድ መስመር ላይ ግን አይሁኑ። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ የሚታወቀው የሦስቱን የውሃ ከፍታ በማነጻጸር ነው። ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ከምትሉት ቦታ ጀምራችሁ በቆሸሸው ጨርሱ። በየመሃሉ መሣሪያውን በሳሙናና በብሩሽ እጠቡ።

መቆፈርና የአፈር ናሙና መውሰድ

ለስላሳ አፈር ላይ ውስጡ ክፍት የሆነ ኦገር (ጠመዝማዛ መሰርሰሪያ) ተጠቀሙ። ውሃም ጭቃም አትጨምሩ፤ ብክለቱን ያቀጥናል፣ ወደ ጎንም ይገፋል። የመቆፈሪያውን ቧንቧ ጥርስ በግሪስ መቀባት ክልክል ነው፤ ላቦራቶሪው የእናንተን ግሪስ ብክለት ብሎ ይመልስላችኋል።

ናሙና መውሰጃውን ቱቦ በ63.5 ኪሎ መዶሻ፣ ከ76 ሴንቲሜትር ከፍታ እየለቀቃችሁ 45 ሴንቲሜትር አስገቡት። በየ15 ሴንቲሜትሩ ምቱን ቁጠሩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ድምር የአፈሩን ጥንካሬ ይነግራል። ቱቦው እንደተከፈተ መጀመሪያ የላቦራቶሪውን ናሙና ያዙ፤ ትነቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ የቀረውን አፈር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እስከ ግማሽ ሞልታችሁ እሰሩና ከ10 ደቂቃ በኋላ በትነት መለኪያ አንብቡ።

አዲስ አበባ ላይ ጥቁሩ መረሬ አፈር ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም በስንጥቁ ይወርዳል። የጓሉ መሃል ንጹሕ ሆኖ የስንጥቁ ፊት ሊሸት ስለሚችል ናሙናው ከየትኛው እንደተወሰደ ጻፉ። ከሥሩ ያለው ባሳልት በአየር መዶሻ ሲቆፈር አየሩ ትነቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በድንጋዩ ውስጥ ከፍርፋሪው ይልቅ የውሃ ናሙናውን እመኑ።

ከሸክላ ንብርብር በታች ያለውን ውሃ መፈተሽ ካስፈለገ ሰፊ ኬሲንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ ቧንቧ) ሸክላው ውስጥ ተክላችሁ ዙሪያውን በሲሚንቶ ድፈኑ። 24 ሰዓት ጠብቃችሁ በጠባብ መሰርሰሪያ ቀጥሉ። ይህን መዝለል ላይኛው ውሃ ላይ የቆመውን ብክለት ለታችኛው ማስረከብ ነው።

መከታተያ ጉድጓድ መሥራት

50 ሚሊሜትር ፒቪሲ በጥርስ ይገጠማል፤ በማጣበቂያ አይሆንም፣ ኬሚካሉ ናሙናውን ያበላሻል። 3 ሜትር የሚሆነው ወንፊታማ ቧንቧ የውሃውን የላይ ገጽ መሃሉ ላይ ይያዝ። ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከጠለቀ የሚንሳፈፈው ቤንዚን አይገባም፣ ጉድጓዱም ንጹሕ ይመስላል። በክረምት ከቆፈራችሁ በበጋ ውሃው እንደሚወርድ አስቡ። ዙሪያውን ከወንፊቱ 60 ሴንቲሜትር በላይ እስኪደርስ አሸዋ፣ ከዚያ 60 ሴንቲሜትር ቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው አብጦ የሚደፍን ሸክላ)፣ ከላይ ሲሚንቶ ሙሉበት።

የውሃ ናሙና

ሲሚንቶው ከጠነከረ በኋላ ውሃው እስኪጠራ ሳቡ። ከቀናት በኋላ ተመልሳችሁ መጀመሪያ የተንሳፈፈውን ነዳጅ ውፍረት ለኩ፤ ከዚያ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በታች እየሳባችሁ በየ5 ደቂቃው አንብቡ። በተከታታይ ሦስት ንባብ ፒኤች (የአሲድነት መጠን) በ0.1፣ ኮንዳክቲቪቲ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) በ3 በመቶ ውስጥ ከረጋ ናሙናውን ያዙ። አሲድ የተጨመረበትን 40 ሚሊሊትር ብልቃጥ አፉ ድረስ ሙሉና ገልብጣችሁ መታ መታ አድርጉት፤ አረፋ ከታየ በሌላ ብልቃጥ ድገሙት። በበረዶ ተይዞ 14 ቀን ሳይሞላው ይመርመር።

ከጉድጓዱ የወጣው አፈር ምልክት በተጻፈበት በርሜል ተዘግቶ ውጤቱን ይጠብቅ፤ ግቢው ጥግ ላይ አይደፋ። የማያስፈልግ ጉድጓድ ደግሞ በቱቦ ከታች ወደ ላይ በሲሚንቶና በቤንቶናይት ይሞላል።